ሦስት ስም በአንድ ደብተር ላይ፦ የገጠር መሬት ይዞታ ምዝገባ አገልግሎት ለሙት ልጆች

ይህ ግምገማ የእኅቴ ልጆች በምዕራብ ጎጃም በሚገኝ አንድ ወረዳ የተገለገሉበትን የገጠር መሬት ይዞታ ምዝገባና የማረጋገጫ ደብተር አገልግሎት የሚመለከት ነው። አባታቸው በ2005 ዓ.ም. ዐረፈ፤ እናታቸው፣ ማለትም ታናሽ እኅቴ፣ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ስትከተለው ትልቋ ልጅ የ16፣ መካከለኛው የ12፣ ትንሹ የ7 ዓመት ልጆች ነበሩ። የቀራቸው አንድ የሣር ክዳን ቤት፣ አንድ በሬ፣ ጥቂት በጎችና በሦስት ቦታ የተቆራረጠ አምስት ቃዳ (አንዱ ቃዳ ሩብ ሄክታር ያህል ነው) መሬት ነበር። እኔ ባሕር ዳር የምኖር መምህር ነኝ፤ ጉዳያቸውን ለማስፈጸም በአንድ ዓመት ውስጥ አሥራ አንድ ጊዜ ወደ ወረዳው ተመላልሻለሁ። የወረዳውንና የቀበሌውን ስም የማልጽፈው የልጆቹ የቤት ጉዳይ የሰው መነጋገሪያ እንዳይሆን ነው።

ፍርዴን ከወዲሁ ማስቀመጥ ይሻላል። ደብተሩ ራሱ፣ እጅ ከገባ በኋላ፣ ለእነዚህ ልጆች ከተደረገላቸው ነገር ሁሉ የሚበልጥ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ወደ ደብተሩ የሚያደርሰው መንገድ ግን ትልቅ ሰው ከጎኑ ላለው ባለጉዳይ እንጂ ወላጅ ለሌለው ልጅ ታስቦ የተዘረጋ አይደለም። ከዚህ ጋር አያይዤ የምናገረው አንድ ነገር አለ። በገጠራችን «በሥጋ ዘመድ መካከል ወረቀት ምን ያደርጋል» የሚለው አስተሳሰብ ሥር የሰደደ ነው፤ ወረቀት ጥርጣሬ ያመጣል፣ ዝምድናን ያሻክራል ተብሎ ይታመናል። እኔም በመጀመሪያ እንዲሁ አስብ ነበር። በእኅቴ ልጆች ቤት ያየሁት ግን ዝምድናውን ከመበላሸት ያዳነው ወረቀቱ መሆኑን ነው።

ደብተሩን አይቶት ለማያውቅ አንባቢ በጥቂቱ ላስረዳ። ሽፋኑ አረንጓዴ በመሆኑ ብዙዎች «አረንጓዴው ደብተር» ይሉታል። በውስጡ የባለይዞታዎቹ ስምና ፎቶግራፍ፣ የየማሳው ስፋት፣ የቦታው መጠሪያ፣ እንዲሁም በምሥራቅ፣ በምዕራብ፣ በሰሜንና በደቡብ የሚያዋስኑት ሰዎች ስም ሰፍሮበታል፤ ባለይዞታዎቹ ባልና ሚስት ከሆኑ የሁለቱም ስምና ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ይቀመጣል። ይህ ዓይነቱ ምዝገባ በትግራይ በ1990 ዓ.ም. ተጀምሮ በአማራ ክልል ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የተስፋፋ ሲሆን፣ በኋላ ደግሞ እያንዳንዱን ማሳ በካርታ የሚያሳየው ሁለተኛ ደረጃ የሚባለው ምዝገባ ተጨመረበት። በእኅቴ የመጀመሪያ ደብተር ላይ እሷ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ባሏ ከጎኗ ባለው ፎቶግራፍ ላይ ፊቱን ኮስተር አድርጎ ይታያሉ። ልጆቹ ከእናትና ከአባታቸው አንድ ላይ የቀራቸው ምስል ይህ ብቻ ነው። ትልቋ ደብተሩን በፌስታል ጠቅልላ እህል በሌለበት ጎታ ውስጥ ታስቀምጠው ስለነበር ጠርዙ በጢስ ጠይሟል።

ከአምስቱ ቃዳ ሁለቱ እኅቴ ገና ሳታገባ፣ በ1989 ዓ.ም. በክልሉ በተደረገው የመሬት ሽግሽግ በራሷ ስም የደረሷት ናቸው፤ ሦስቱ በባሏ በኩል የመጡ ናቸው። ይህ ልዩነት ለጊዜው ተራ ነገር ይመስላል፤ በኋላ ግን የክርክሩ ሁሉ ቋጠሮ የሆነው እሱ ነበር።

ሕጉ ለሙት ልጅ ግልጽ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 መንግሥት ወላጆቻቸውን በሞት ላጡ ሕፃናት ልዩ ጥበቃ እንዲያደርግ ያዝዛል። በ1997 ዓ.ም. የወጣውና በወቅቱ ሥራ ላይ የነበረው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456 ደግሞ እናትና አባታቸውን በሞት ያጡ ሕፃናት 18 ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ በሕጋዊ ሞግዚት አማካይነት በገጠር መሬት የመጠቀም መብት እንዳላቸው ደንግጎ ነበር። ሕግ በወረዳ መስኮት በኩል ሲታይ ግን ሌላ መልክ አለው፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

በመጀመሪያ የሆነው የሚከተለው ነው። የእኅቴ አርባ ወጥቶ ተዝካሩ በተበላ ማግስት ዘመድ ተሰብስቦ ስለ ልጆቹ ተነጋገረ። ትልቋ ትዳር ትያዝ፣ መካከለኛው ከአንድ ዘመድ ዘንድ በእረኝነት ይግባ፣ ትንሹን አያቱ ትውሰደው ተባለ። መሬቱን የአባታቸው ወንድም እያረሰ «እንዲያበላቸው» ተወሰነ። ይህን ያሉት ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ብዙዎቹ ያለቀሱት ከልባቸው ነው። የገጠር ዘመድ ሙት ልጅን የሚያስጠጋበት የታወቀ መንገድ ይኸው ነው፦ እያንዳንዱ ቤት አንድ አፍ ይቀበላል፣ ልጆቹም በሦስት ጎጆ ተበትነው ያድጋሉ። ልጅቷ 16 ዓመቷ ስለነበር በሕግ የጋብቻ ዕድሜ የሆነው 18 ገና አልደረሰላትም፤ ይህን ያነሣ ሰው ግን አልነበረም። እሷ ራሷ በሩ ሥር ቆማ ስታዳምጥ ቆይታ ወደ እኔ ቀረብ አለችና «ጋሼ፣ እኛ ከዚህ ቤት አንወጣም፤ መሬቱን የሚያርስልን ሰው ብቻ ይፈልጉልን» አለችኝ።

ያንን ዓመት በቃል ስምምነት አሳለፍነው። አጎታቸው አርሶ፣ ዘርቶ፣ አጭዶ፣ በጥር 2011 ዓ.ም. ለልጆቹ ሦስት ኩንታል በቆሎና ግማሽ ኩንታል ጤፍ ሰጣቸው። ከአምስት ቃዳ ስንት እንደተገኘ የሚያውቅ አልነበረም፤ ለመጠየቅም ማንም አልደፈረም። ልጅቷ ስትጠይቀው «የአባቴን ርስት ባርስ ማን ይቆጣጠረኛል?» አላት። ርስት የሚባለው ሥርዓት የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው የመሬት አዋጅ የቀረ ቢሆንም ቃሉ በሰው አንደበት ላይ ዛሬም አለ። አጎትየው ሌባ አልነበረም፤ የወንድሙን መሬት በየዓመቱ ሲያርስ ቀስ በቀስ የራሱ እየመሰለው የሄደ ሰው ነበር። የሰጣትንም እህል እንደ ችሮታ ያየው ነበር። እሷ ድርሻዬ ስትል እሱ ውለታ ይለዋል፤ በዚህ ምክንያት ሰላምታቸው እንኳ ቀዝቅዞ ነበር። ወደ ወረዳው የሄድነው ያኔ ነው።

አሁን ወደ አገልግሎቱ ልግባ። የሟች ስም ያለበትን ይዞታ ወደ ወራሾቹ ለማዛወር የሞት ማስረጃ፣ የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት፣ የሞግዚትነት ውሳኔ፣ የቀበሌው የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ ምስክርነትና የልጆቹ ፎቶግራፍ ተጠየቅን። እያንዳንዱ ጥያቄ ለብቻው ሲታይ ተገቢ ነው። ችግሩ አንዱ ሌላውን የሚጠብቅ መሆኑና ሁሉም በተለያየ በር የሚሰጥ መሆኑ ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ስለሆነ በ2005 የሞተው አባታቸው በየትኛውም መዝገብ ላይ እንደሞተ አልተጻፈም። በመሬት ደብተሩ ላይ በሕይወት አለ። ሦስት ምስክር አቅርበን መሞቱን እስክናስመሰክር ድረስ ሦስት ጉዞ ፈጀ፤ ከሦስቱም አንዱ ባለሙያው ስብሰባ ላይ ነው ተብለን የተመለስንበት ነው።

ከሁሉ ያሳዘነኝን ልናገር። እኔ ከመግባቴ በፊት ልጅቷ ብቻዋን ሁለት ጊዜ ሄዳ ነበር። ደርሶ መልስ አራት ሰዓት በእግሯ ተጉዛ መስኮቱ ጋ ስትደርስ «ትልቅ ሰው ይዘሽ ነይ» ተብላ ተመለሰች። ትልቅ ሰው የላትም፤ የሄደችውም ስለሌላት ነው። አበው «እናቱ የሞተችበትም ገበያ የሄደችበትም እኩል ያለቅሳሉ» ይላሉ። ያ መስኮት ሁለቱን አይለይም። እናቷ ገበያ የሄደችባት ልጅ ነገ ይዛት ትመጣለች፤ ይህቺ ልጅ ግን ለሁለተኛ ጊዜም እንዲሁ ተመለሰች። በአገልግሎቱ ላይ ያለኝ ትልቁ ቅሬታ ይህ ነው፦ ሙት ልጅ ወደ ቢሮው ብቻውን ሲመጣ ተቀብሎ ወደሚመለከተው የሚመራ አንድ ሰው እንኳ አልተመደበም።

ሞግዚት የሆነችው አያታቸው፣ የእኔ እናት፣ ናት። ዕድሜዋ ስለገፋ የጎረቤት በቅሎ ተውሰን ወሰድናት። በፍርድ ቤቱ በር ከራፖር ጸሐፊው ጠረጴዛ ጎን ጥላ ሥር ተቀምጣ ተራዋን ጠበቀች። ወረቀቱ ላይ አሻራ እንድታኖር አውራ ጣቷ ሐምራዊ ቀለም ተቀባ፤ ዕድሜዋን ሙሉ ስትኮተኩትና ስትፈጭ የተሰነጣጠቀው ጣቷ ግን መስመር አላወጣም። ሁለት ጊዜ ተሞክሮ ሦስተኛ ሲደገም ጸሐፊው ጣቷን በሁለት እጁ ይዞ፣ ቀስ አድርጎ ከግራ ወደ ቀኝ አንከባለለላት። «እማማ፣ አይዞዎት፣ ይወጣል» አላት። ያንን ሰው አመሰግነዋለሁ። አገልግሎት የሚባለው ነገር በአብዛኛው እንዲህ ዓይነት ነገር ይመስለኛል።

ፎቶግራፍ ለማስነሣት ሦስቱንም ወደ ከተማ ወሰድኳቸው። ትንሹ ከዚያ በፊት ፎቶግራፍ ተነሥቶ አያውቅም፤ በሰማያዊው ጨርቅ ፊት ብቻውን ተቀመጥ ሲባል ማልቀስ ጀመረ። «እታለም ትምጣ» እያለ አልቀመጥም አለ። በመጨረሻ እኅቱ ከካሜራው እይታ ውጭ ሆና እጇን ትከሻው ላይ እንድታሳርፍ ተደረገ። ፎቶግራፉ ሲወጣ ትከሻው ላይ ሦስት ጣቶቿ ይታያሉ። ባለሙያው መልሶ እንዲነሣ አላስገደደንም፤ ደብተሩ ላይ የተለጠፈው እሱ ነው።

የካርታው ልኬታ በግንቦት 2011 ዓ.ም. ወደ ቀበሌው ሲደርስ ያየሁት ሥራ ከምዝገባው ሁሉ የተሻለው ነበር፤ ስለዚህም ሰፋ አድርጌ ልጽፈው እፈልጋለሁ። ባለሙያዎቹ አካባቢውን ከአየር ላይ የሚያሳይ ትልቅ ፎቶግራፍ ይዘው፣ የቀበሌው ኮሚቴ አባላትና አዋሳኞቹ በተገኙበት፣ ማሳ ለማሳ እየዞሩ ወሰኑን ምልክት ያደርጉ ነበር። ወንዝ ዳር ያለችው የዳጉሳ ማሳ ላይ ስንደርስ አዋሳኙ ወሰኑን ከግራሩ ወዲህ አሳየ። ሽማግሌዎቹ ዝም አሉ። የ13 ዓመቱ መካከለኛው ልጅ ግን በጎቹን ትቶ መጣና «የወሰን ድንጋዩ ከግራሩ ወዲያ ነው፤ እናቴ ዳጉሳ ስታርም ምሳዋን የምትቀመጥበት ነው» አለ። ሄዶም ሣሩን በእጁ ገለጥ አደረገው፤ ድንጋዩ ከነምልክቱ እዚያው ነበር። ባለሙያው፣ ወጣት ልጅ ነበር፣ ለሽማግሌዎቹ ሳይሆን ለልጁ ሁለተኛ ጥያቄ ጠየቀውና እንደነገረው አሰመረ። በአገራችን የትልቅ ሰው ቃል ባለበት የሙት ልጅ ቃል ተሰምቶ በካርታ ላይ ሲሰፍር ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከልኬታው በኋላ የባለይዞታዎች ዝርዝርና ካርታው ለሕዝብ እይታ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ተለጠፈ። ይህ የእርማት ጊዜ ለሙት ልጆች ከሁሉ የበለጠ ዋጋ አለው፤ ሊያመልጣቸው የሚችለውም እሱ ነው። ልጅቷ ስምንተኛ ክፍል ደርሳ ስለነበር ዝርዝሩን በጣቷ እየተከተለች አነበበች፤ ሁለቱ የጤፍ ቃዳዎች፣ ማለትም እናቷ በ1989 ሽግሽግ ያገኘቻቸው፣ በአጎቷ ስም ተመዝግበው አገኘቻቸው። በልኬታው ቀን እዚያ ማሳ ላይ ቆሞ የተገኘው አራሹ ስለነበር መዝጋቢው ባለይዞታው መስሎት ጽፎታል። አጎትየው አላስጻፈም፤ ግን አላረመም። አሮጌው ደብተር ከጎታው ወጥቶ የእናቷ ስም፣ ፎቶግራፍና የአራቱ አዋሳኞች ስም ሲታይ እርማቱ በሁለት ቀን አለቀ። ማንበብ ባትችል ኖሮ፣ ወይም አሮጌው ደብተር ባይኖር ኖሮ፣ ያ መሬት ያለ ምንም ጠብ በጸጥታ ያመልጣቸው ነበር።

አዲሱ ደብተር በየካቲት 2012 ዓ.ም. ወጣ። ሦስቱም ስም በአንድ ደብተር ላይ ተጻፈ፤ ሞግዚቷ አያታቸው መሆኗም ተመለከተ። ባለሙያው «ለየብቻ እናውጣላችሁ?» ብሎ ጠይቆን ነበር። እኔ ለመመለስ ሳስብ ልጅቷ ቀድማኝ አይሆንም አለች። ልክ ነበረች። አምስት ቃዳ ለሦስት ሲከፈል ለማንም ቤት አይሆንም፤ ሕጉም ማሳ ከተወሰነ መጠን በታች እንዳይሸነሸን ይከለክላል። ከዚያ ይልቅ ግን የገባኝ ሌላ ነገር ነው። ለየብቻ የተጻፈ መሬት ለየብቻ ይወሰዳል፦ የትንሹ ድርሻ ትንሹን ከወሰደው ዘመድ ጋር ይሄዳል፣ የልጅቷም ካገባችው ሰው ጋር። አንድ ላይ የተጻፈ መሬት ግን ሦስቱንም ልጆች አንድ ቤት ውስጥ ያስቀምጣል፤ ምክንያቱም ማንም ዘመድ አንዱን ብቻ በመውሰድ የሚያገኘው ማሳ የለም።

ከዚያ በኋላ በግንቦት ወር ከአጎታቸው ጋር የእኩል ውል ተጻፈ። ዘርና ማዳበሪያ በግማሽ፣ በሬና ጉልበት ከእሱ፣ ምርቱ እኩል ለእኩል፣ ተብሎ በቀበሌው ሰፈረ። ሽማግሌዎቹ ጉዳዩን ሲያነሡበት በጣም ተከፋ። «የወንድሜን ልጆች ልክዳቸው ነው? ከባዳ ጋር የሚፈራረሙትን ከእኔ ጋር?» አለ። ያ ቀን ለእኔም ከባድ ነበር፤ የተቆጣው ከኩራት ብቻ ሳይሆን ከፍቅርም እንደነበር ይታይ ነበርና። አንድ አረጋዊ ግን «አንተ ብትሞት ልጆችህ ይህን ውል ያከብሩታል፤ ቃልህን ግን አያውቁትም» ብለው አስፈረሙት።

በጥር 2013 ዓ.ም. አውድማው ላይ ነበርኩ። ጤፉ ተወቅቶ፣ ተበራይቶ፣ በንፋስ ተለይቶ ከተከመረ በኋላ አጎትየው ቁናውን አንሥቶ መስፈር ጀመረ፤ አንድ ቁና ወደ ልጆቹ ጆንያ፣ አንድ ቁና ወደ እሱ። መካከለኛው ልጅ በጠጠር ይቆጥራል። ለልጆቹ ሦስት ኩንታል ተኩል ጤፍ ደረሰ፤ ከበቆሎው አሥር፣ ከዳጉሳው ሁለት ኩንታል አስቀድሞ ገብቷል። ስፍሩ ሲያልቅ ከራሱ ክምር ሁለት ቁና ዘግኖ በልጆቹ ጆንያ ላይ ጨመረና «ይሄ ለትንሹ፣ ከእኔ ነው» አለ። ልጅቷ ተነሥታ ጉልበቱን ሳመችው። ያ ሁለት ቁና ከሁለት ዓመት በፊት ከሰጣት ሦስት ኩንታል በቆሎ ይልቅ ያስደሰታት ነበር፤ አሁን ድርሻውና ስጦታው ተለይተዋልና። ከዚያ ወዲህ የቤታቸውን ክዳን እሱ ነው ያደሰው፣ ጓሯቸውንም ያለ ክፍያ ያርስላቸዋል፤ በአርባ ቀኑ «አበላቸዋለሁ» ያለው ሰው አሁን በእውነት አጎታቸው ሆኗል።

የአገልግሎቱን ጉድለት በተመለከተ የሚከተለውን እጨምራለሁ። ባለይዞታ ሲሞት ለመሬት ጽሕፈት ቤቱ በራሱ የሚደርስ መረጃ የለም፤ ወራሽ ካላመለከተ ሟች ለዓመታት ባለይዞታ ሆኖ ይቆያል፣ ሙት ልጅ ደግሞ ማመልከት እንዳለበት የሚነግረው የለም። ሞግዚት የተሾመውም ሰው መሬቱን እንዴት እንደያዘ የሚጠይቅ አላየሁም። እናቴን የጠየቃት የለም፤ ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮስ? በዚያው ቀበሌ አንድ ሞግዚት የሙት ልጆችን ማሳ በወለድ አገድ፣ ማለትም አበዳሪው በወለዱ ፈንታ መሬቱን እንዲጠቀምበት አድርጎ፣ አስይዞ ብር እንደተበደረበት ሰምቻለሁ፤ ብሩ እስኪመለስ ድረስ ልጆቹ በገዛ መሬታቸው ዳር የሰው ከብት እየጠበቁ ነው። ወጪውን በተመለከተ ለቢሮው የከፈልነው ጥቂት ነው፤ ለራፖር ጸሐፊ፣ ለፎቶግራፍ፣ ለኮፒ፣ ለምስክሮች ምሳና ለመኪና ግን ወደ 2,300 ብር ወጥቷል። በወቅቱ ለእነዚያ ልጆች ይህ የአንድ በግ ዋጋ ያህል ነው፤ ደመወዝተኛ አጎት የሌለው ሙት ልጅ ከየት ያመጣዋል?

ስለዚህ ለደብተሩና ለካርታው ልኬታ ከአምስት አምስት እሰጣለሁ፤ ለቢሮው መስተንግዶ ከአምስት ከሁለት በላይ መስጠት አልችልም። ይህ የ2011 እና የ2012 ዓ.ም. ልምዳችን ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ ግጭት በመኖሩ ዛሬ ለሚሄድ ሰው መንገዱም ሆነ የቢሮው አሠራር የተለየ ሊሆን ስለሚችል አስቀድሞ ማጣራት ያስፈልጋል።

በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ ሙት ልጆች ያሉ እንደሆነ ከተዝካሩ በፊት አሮጌውን ደብተር ፈልጉት፤ እያንዳንዱን ገጽ በስልክ ፎቶግራፍ አንሥታችሁ ከቤቱ ውጭ ባለ ሰው ዘንድ አስቀምጡ። ከወራሽነቱ ማረጋገጫ በፊት መሬቱን ለማንም አራሽ በቃል አትስጡ፤ የግድ ከሆነም ሽማግሌ ባለበት የአንድ ዓመት ብቻ መሆኑን አስነግሩ። የልኬታ ባለሙያ ሲመጣ ልጆቹ ራሳቸው ማሳው ላይ ይቁሙ፤ ከትምህርት ቤት ቢቀሩም ይቁሙ። መምህር ሆኜ ይህን መጻፌ ቀላል አይደለም፤ ግን የዚያን ቀን የተሰመረ ወሰን ከብዙ ቀን ትምህርት ይበልጥባቸዋል።

ልጅቷ 18 ዓመት ከሞላት በኋላ በነሐሴ 2012 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ በአያቷ ፈንታ የወንድሞቿ ሞግዚት አደረጋት፤ እናቴም ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ኖራ ዐርፋለች። መካከለኛው አሁን በራሱ በሬዎች ያርሳል፤ ሁለተኛውን በሬ የገዙት ከእኩሉ በተጠራቀመ ጤፍ ነው። ትንሹ ዘንድሮ ትምህርት ላይ ነው። በ2021 ዓ.ም. 18 ሲሞላው የሞግዚትነቱ ቃል ከደብተሩ ላይ ይወጣል፣ አዲስ ፎቶግራፍም ይጠየቃል። እኅቱ አሮጌው ፎቶግራፍ ሲነሣ እንዲሰጣት ለባለሙያው ከአሁኑ ነግራዋለች፤ ሦስቱ ጣቶቿ ያሉበትን ማለት ነው።